የድሮ ስም በአዲስ ፊት

በዚህ እትም የማወጋችሁ ስለ ራሽንም ስለ ፕሮሰስም አይደለም። ስለ አንድ ፊልምና ፊልሙ ስላስነሣው ጭቅጭቅ ነው። «በዚህ ሁሉ ችግር መሐል ደግሞ የምን ፊልም?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝና ነገሩ እኛን ይነካ እንደሆነና እንዳልሆነ እናንተው ፍረዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 አሜሪካ ውስጥ «ስታር ትሬክ» የሚባል ተከታታይ ፊልም በኤንቢሲ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ያመነጨው ጂን ሮደንበሪ የሚባል ደራሲ ነው። ታሪኩ «ኢንተርፕራይዝ» በምትባል የጠፈር መርከብ ተሳፍረው ከኮከብ ኮከብ ስለሚዞሩ ሰዎች ነው። አዛዡ ካፒቴን ከርክ ይባላል። ምክትሉ ስፖክ ደግሞ ጆሮው ሹል፣ አባቱ ቫልካን ከምትባል ሌላ ዓለም፣ እናቱ የኛው የመሬት ሰው የሆነች፣ ከሁለት አገር የተወለደ ሰው ነው። ቫልካኖች ስሜታቸውን አምቀው በአእምሮ ብቻ የሚሄዱ ሕዝቦች ናቸው።

ያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮች ለመብታቸው የሚታገሉበት፣ ከሩሲያ ጋርም በጥርጣሬ የሚተያዩበት ዘመን ነበር። ሮደንበሪ ግን እዚያች መርከብ ላይ ጥቁሯን ኡሁራን፣ እስያዊውን ሱሉን፣ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ሩሲያዊውን ቼኮቭን አንድ ላይ አስቀመጠ። ኡሁራ የሚለው ስም ራሱ «ኡሁሩ» ከሚለው የስዋሂሊ ቃል የመጣ ነው። ትርጉሙ ነፃነት መሆኑን እዚህ አካባቢ ለሚኖር ሰው መንገር አያስፈልገኝም። ኡሁራን ሆና የሠራችው ኒሼል ኒኮልስ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ሥራውን ልትተው ስትል ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ አግኝተዋት እንዳትለቅ እንደ መከሯት ራሷ ደጋግማ ተናግራለች። እሷም ቀረች።

ይህ ተከታታይ ፊልም በ3 ዓመት ውስጥ 79 ክፍል ከታየ በኋላ በ1969 ተቋረጠ። ሦስተኛውም ዓመት የተገኘው በተመልካቹ ልፋት ነው። ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ሰዉ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ደብዳቤ ለጣቢያው ጻፈ፤ ጣቢያውም በማርች 1968 «ይቀጥላል» ብሎ በቴሌቪዥን ለመናገር ተገደደ። በ1976 ደግሞ እነዚሁ አድናቂዎች የመጀመሪያዋ የጠፈር መንኮራኩር «ኮንስቲቱሽን» ልትባል ታስቦ ሳለ «ኢንተርፕራይዝ ትባልልን» ብለው በደብዳቤ ጎተጎቱ። ፕሬዚዳንት ፎርድ እሺ አሉ። መንኮራኩሯ ስትመረቅም የፊልሙ ተዋንያን ቆመው አጨበጨቡ። እኛ ለየቢሮው ስንት ማመልከቻ ጽፈን መልስ የምንጠብቅ ሰዎች ደብዳቤ መልስ ሲያገኝ ምን እንደሚመስል መገመት አያቅተንም። ታዲያ በደብዳቤው ያዳነውን ነገር ሰው «የኔ ነው» ቢል ምን ይገርማል?

እንግዲህ ጭቅጭቁ የመጣው በ2009 ነው። ጄ.ጄ. ኤብራምስ የሚባል ዳይሬክተር እነ ከርክን ወጣት አድርጎ፣ ተዋንያኑን በሙሉ ለውጦ፣ ታሪኩን እንደገና ከመጀመሪያው የሚጀምር ፊልም ሠራ። በዊሊያም ሻትነር ፈንታ ክሪስ ፓይን ከርክ ሆነ። በሌናርድ ኒሞይ ፈንታ ዛከሪ ኩዊንቶ፣ በኒኮልስ ፈንታ ዞዪ ሳልዳና፣ በጆርጅ ታኬ ፈንታ ጆን ቾ፣ በዋልተር ኬኒግ ፈንታ አንቶን የልቺን ገቡ። በዚህ ላይ ዳይሬክተሩ «ልጅ ሆኜ የስታር ትሬክ ወዳጅ አልነበርኩም» ብሎ ተናገረ። እሳት ላይ ቤንዚን ማለት ይሄ ነው።

አድናቂዎቹ ምን ያላሉት አለ? «ከርክ ማለት ሻትነር ነው፤ ሌላ ከርክ የለም» አሉ። የመርከቧ ውስጥ ነጭና አብረቅራቂ ሆኖ ሲያዩ «ይሄ የስልክ መሸጫ ሱቅ ነው እንጂ መርከብ አይደለም» አሉ። በየትዕይንቱ ካሜራው ላይ የሚያበራው መብራት ዐይናቸውን አሳመማቸው። የሞተር ክፍሉ የተቀረጸው እውነተኛ ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ነበርና ቧንቧውንና በርሜሉን ሲያዩ ሳቁበት። ትናንት ተማሪ የነበረ ልጅ በጥቂት ቀን ካፒቴን መሆኑን አልተቀበሉትም። ስፖክና ኡሁራ መዋደዳቸውም ብዙዎችን አላስደሰተም። ከሁሉ በላይ ያንገበገባቸው ግን የስፖክ አገር የቫልካን መጥፋት ነው። «40 ዓመት የኖርንበትን ዓለም በ2 ሰዓት ፊልም አጠፉብን» ብለው አዘኑ።

ሌሎቹ ደግሞ ልጆቻቸውን ይዘው ሄደው እያለቀሱ ወጡ። ወደ 150 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ፊልም በዓለም ዙሪያ ከ380 ሚሊዮን በላይ አስገባ። በሜካፕ ሥራውም ኦስካር አገኘ፤ ስታር ትሬክ ኦስካር ሲያገኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይባል የለ? ይህ ዓይነቱ ተቃውሞ ለስታር ትሬክ አዲስ አይደለም። በ1987 አዲስ ተከታታይ በአዲስ ካፒቴን ሲጀመር ብዙ ሰው «ይሄ መላጣ እንግሊዛዊ ምን ሊሆን ነው?» ብሎ ነበር። ዛሬ ያ ካፒቴን ማለትም ፓትሪክ ስቱዋርት ከከርክ እኩል ይወደዳል። ወደ ኋላ ከሄድን ደግሞ የሚገርም ነገር አለ። ከሻትነር በፊት ለሙከራ በተሠራው የመጀመሪያ ፊልም ላይ የመርከቧ አዛዥ ጄፍሪ ሃንተር የሚባል ሌላ ተዋናይ ነበር። ጣቢያው ያንን ሳይቀበለው ቀርቶ ሁለተኛ ሙከራ ሲጠይቅ ነው ሻትነር የገባው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የተሻገረው ስፖክ ነው። እንግዲህ «ዋናው» የምንለው ራሱ በሌላ ሰው ወንበር የተቀመጠ ነበር ማለት ነው።

እኔ ስታር ትሬክን ያወቅሁት አዲስ አበባ በልጅነቴ ከቪዲዮ ቤት በተከራየ ካሴት ነው። በ1982 የተሠራው፣ ስፖክ ጓደኞቹን ለማዳን መርዘኛ ጨረር ያለበት ክፍል ገብቶ ከመስተዋት ጀርባ የሚሞትበት ፊልም ነበር። እንግሊዝኛው ባይገባኝም ከርክ መስተዋቱ ላይ እጁን ሲያደርግ ገብቶኛል። የ2009ኙን ግን ያየሁት እዚሁ ካምፕ፣ ጄኔሬተሩ እየጮኸ፣ ሃያ ሠላሳ ሰው በአግዳሚ ወንበር ተጨናንቆ ነው። እኔ ከኋላ ሆኜ ለማይሰማው ሰው እያሳጠርኩ እተረጉማለሁ።

ፊልሙ ሲያልቅ ሙግቱ ተነሣ። አንድ የምናከብራቸው ጋሼ የድሮውን ያውቁት ኖሮ «ስሙን ሰርቀው ነው እንጂ እነዚህ እነሱ አይደሉም» አሉ። እዚህ የተወለዱት ልጆች በበኩላቸው የድሮውን ስላላዩት የሚያነጻጽሩት ነገር የላቸውም። «ጋሼ፣ ለኛ እኮ እነዚህ ናቸው እነሱ» አለ አንዱ። ያንን መልስ እስካሁን አልረሳሁትም። ልጁ መድፈሩ አይደለም፤ እውነቱን ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አሜሪካ ያሉት አድናቂዎች የተናደዱበት የቫልካን መጥፋት እዚያ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ሌላ ሆኖ ታየ። በፊልሙ ላይ ስፖክ ሽማግሌዎቹንና ወላጆቹን ሊያወጣ ይወርዳል፤ እናቱ በዐይኑ ፊት ከገደል ጋር ትወድቃለች። 6 ቢሊዮን ሕዝብ ከነበረበት ዓለም የተረፈው 10,000 ያህል ብቻ መሆኑን በመርከቧ መዝገብ ላይ ሲናገር ድምፁ እንኳ አይንቀጠቀጥም። ያን ጊዜ ቪዲዮ ቤቱ ጸጥ አለ። ቁጥር እየጠሩ ስለ አገር መናገር ምን እንደሆነ ለኛ ማን ያስረዳናል? ፎርም ስንሞላ እንዲሁ አይደል የምንናገረው?

አገሩን ያጠፋበት ጠላት ኔሮም ዝም ብሎ ክፉ አይደለም። እሱም ሮሙለስ የምትባል አገሩ በኮከብ ፍንዳታ የጠፋችበት፣ ሚስቱን ያጣ የማዕድን ሠራተኛ ነው። ስፖክ ሊያድንለት ቃል ገብቶ ስለዘገየበት ቂሙን ይዞ ወደ ኋላ ዘመን ተመለሰና የሌላውን አገር አጠፋ። ሽማግሌው ስፖክ በበኩሉ አገሩ በዐይኑ ፊት ስትጠፋ አይቶ፣ በመጨረሻ የተረፉት ወገኖቹ የሚሰፍሩበት መሬት አፈላልጎ አገኘላቸው። አገር ያጣ ሰው ሁለት መንገድ አለው ማለት ነው፤ አንዱ የኔሮ፣ አንዱ የስፖክ። በየሰፈራችን ሁለቱንም አይተናል። ስለዚህ ለኔ አዲሱ ፊልም በድሮው ስም የተሠራ ቢሆንም የራሱን ቁም ነገር ይዞ መጥቷል።

ያንን ሽማግሌ ስፖክ የሠራው የድሮው ተዋናይ ሌናርድ ኒሞይ ራሱ ነው። ኒሞይ ወላጆቹ ከዩክሬን ወደ አሜሪካ የተሰደዱ አይሁድ ነበሩ። ስፖክ ጣቶቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ከፍሎ የሚያሳየው ሰላምታ ኒሞይ በልጅነቱ ቦስተን በምኩራብ ሲባርኩ ካያቸው ካህናት የወሰደው ነው። ኤፕሪል 6 ቀን 2009 ኦስቲን፣ ቴክሳስ ውስጥ ሰዉ የ1982ቱን የድሮ ፊልም ሊያይ ሲኒማ ገብቶ ሳለ ፊልሙ የተበላሸ መስሎ ተቋረጠ። ኒሞይ ራሱ ወደ ፊት ወጥቶ «አዲሱን ብታዩ አትመርጡም ወይ?» ብሎ ጠየቃቸው። አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ሽማግሌው ቆሞ «እነዚህ ልጆቼ ናቸው» ካለ በኋላ ማን ይከራከራል? እስከ ሞተበት እስከ 2015 ድረስም ከኩዊንቶ ጋር ወዳጅ ነበሩ።

የጆርጅ ታኬን ነገርም ልንገራችሁ። ይህ የድሮው ሱሉ ትውልዱ ከጃፓን፣ የተወለደው ግን ሎስ አንጀለስ ነው። በ1942 ጦርነቱ ሲጋጋም የአሜሪካ መንግሥት ትውልዳቸው ከጃፓን የሆነ ወደ 120,000 ሰዎችን ከቤታቸው አንሥቶ ካምፕ አስገባ። ታኬ ያኔ 5 ዓመቱ ነበር። ከወላጆቹ ጋር መጀመሪያ የፈረስ በረት ውስጥ አደሩ። ከዚያ አርካንሶ ወዳለው ሮወር ካምፕ፣ ቀጥሎም ካሊፎርኒያ ወዳለው ቱሊ ሌክ ተወሰዱ። በሽቦ አጥር ውስጥ ትምህርት ቤት እየገባ ለአሜሪካ ባንዲራ ቃል ይገባ እንደነበር ራሱ ይተርካል። መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ1988 ነው። ጠፈር ላይ መርከብ ሲነዳ የምታዩት ሰውዬ የካምፕ ልጅ ነው ማለት ነው።

አዲሱ ሱሉ ጆን ቾ ደግሞ የተወለደው ሴኡል ነው፤ ኮሪያዊ። ኮሪያንና ጃፓንን የሚያውቅ በመካከላቸው ያለውን ቁስል ያውቃል። ዳይሬክተሩ ነገሩ አሳስቦት ታኬን ሲጠይቀው፣ ሱሉ ለመላው እስያ እንዲቆም የተፈጠረ ሰው ስለሆነ ኮሪያዊ ቢሠራው ችግር እንደሌለው ነገረው። ስሙም የአንድ አገር ሳይሆን የባሕር ስም ነው። እንግዲህ ታኬ የጠበቀው ፊቱን ወይም ዘሩን ሳይሆን ያ ሰው የተፈጠረበትን ምክንያት ነው። ቼኮቭን የሠራው አንቶን የልቺንም ሌኒንግራድ ተወልዶ በ6 ወሩ ከወላጆቹ ጋር ስደተኛ ሆኖ አሜሪካ የገባ ልጅ ነበር። በ2016 በገዛ መኪናው አደጋ በ27 ዓመቱ መሞቱ ያሳዝናል።

ይሁን እንጂ አድናቂ ሁሉ ዝም ብሎ ይነጫነጫል ማለቴ አይደለም። በ2013 የወጣው ቀጣዩ ፊልም ጥሩ ምሳሌ ነው። የድሮውን ጠላት ካንን መልሰው አመጡት፤ ከመውጣቱ በፊት ግን እሱ እንዳልሆነ ሲናገሩ ከርመው ነበር። በታሪኩ ከህንድ ወገን የሆነውን ሰው እንግሊዛዊው ቤኔዲክት ካምበርባች ሠራው። ከዚህም የባሰው፣ ያንን እኔን በልጅነቴ ያስለቀሰኝን የመስተዋት ትዕይንት ገልብጠው ከርክን ሟች፣ ስፖክን አልቃሽ አደረጉና ሟቹን በካን ደም እዚያው ፊልም ላይ አስነሡት። የድሮ ተመልካች ለስፖክ 2 ዓመት ሙሉ አዝኖ ነበር፤ ተከታዩ ፊልም የወጣው በ1984 ነውና። የ2013ቱ ከ2009ኙ የበለጠ ገንዘብ አስገብቷል። ሆኖም በዚያው ዓመት ላስ ቬጋስ በተደረገ የአድናቂዎች ስብሰባ ላይ ፊልሞቹ በደረጃ ሲመረጡ መጨረሻ ወጣ። ለምን? ያልደረሰባቸውን ኀዘን ከሌላ ሰው ተበድረው ስላለቀሱ ነው። የፊት መለወጥን ሰው ይለምደዋል፤ የውሸት ለቅሶን ግን ያውቀዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልግባ። ብዙዎቻችሁ እንደምታስታውሱት መጀመሪያ የገቡት ወገኖቻችን በጁን 20 በስደተኞች ቀን ያሳዩት የነበረ «የመንገዱ ድራማ» አለ። እናቲቱ ጀበናዋን በነጠላ አስራ ድንበር የምታቋርጥበት፣ ጀበናው መንገድ ላይ የሚሰበርበት፣ መጨረሻው ሎሪው ካምፑ በር ላይ ሲደርስ የሚዘጋው። ያንን ከሠሩት መካከል ገሚሱ ካናዳና አውስትራሊያ ሄደዋል፤ ገሚሱ እዚሁ አርፈዋል። ዘንድሮ ልጆቻችን «እኛ እንሥራው» ብለው ተነሥተዋል። እናቲቱን የምትሠራው እዚሁ የተወለደች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ መሐል ስዋሂሊ ይገባባታል። በዚህ ላይ ሎሪው ከደረሰ በኋላ ያለውን፣ የነሱን ዕድሜ ማለቴ ነው፣ ሊጨምሩበት ይፈልጋሉ።

በኮሚኒቲው ስብሰባ ላይ ትልቅ ንትርክ ነበር። «እናንተ በተኛንበት ጫካ የት ነበራችሁ? ይሄ የኛ ታሪክ ነው» ያሉ አባቶች አሉ። ልጅቷ ተነሥታ «አባባ፣ ድራማው የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው እኛ የተወለድነው» አለች። ሰዉ ተከፋፍሎ ወጣ። እስካሁንም «ይታይ አይታይ» የሚለው አልተቋጨም።

እኔ የሁለቱንም ወገን ሐሳብ ሰምቻለሁ። የአባቶችን ቁጣ አልንቀውም፤ በእግራቸው የሄዱበትን መንገድ «የኔ ነው» ቢሉ ደብዳቤ ከጻፉት ሰዎች የበለጠ መብት አላቸው። ነገር ግን ልጆቹ ካልሠሩት ማን ይሠራዋል? ጀበናዋን የያዘችው ሴት ከአውስትራሊያ ተመልሳ አትመጣም። ድራማው በተዋንያኑ ፊት ብቻ የሚኖር ከሆነ ከፊታቸው ጋር ተሳፍሮ ሄዷል ማለት ነው።

ባለፈው ልምምዱን ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። ጀበናው ሲሰበር ልጅቷ እሪ ብላ አለቀሰች፤ ጓደኞቿም አጨበጨቡ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ ያንን መንገድ በእግራቸው የሄዱ፣ «ተይ ልጄ፤ እኛ አላለቀስንም። ድምፅ እንዳይሰማብን የልጆቻችንን አፍ ይዘን ነበር» አሏት። ቤቱ ዝም አለ። ልጆቹ ትዕይንቱን ደገሙት። በዚህኛው ጊዜ ልጅቷ ስባሪውን ለቅማ ነጠላዋ ውስጥ ከታ ምንም ሳትል ሄደች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከድሮው ይልቅ የነካኝ ይሄኛው ነው።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይሄ ነው፤ ልጆቹ ይሥሩት፤ የራሳቸውንም ዕድሜ ይጨምሩበት። ግን የኛን ለቅሶ ከፊልም ቀድተው እንዳያለቅሱት፣ መንገዱን የሄድን ሰዎች ልምምዱ ላይ ተገኝተን እንዴት እንደነበር እንንገራቸው። ይህንን ያላደረገ ሰው በኋላ «አበላሹት» የማለት መብት ያለው አይመስለኝም። አሜሪካኖቹም እኮ እያደረጉት ነው። በ2022 በተጀመረው ሌላ የስታር ትሬክ ተከታታይ ስፖክን ኢታን ፔክ፣ ኡሁራን ሴሊያ ሮዝ ጉዲንግ ይዘውታል። ኒሼል ኒኮልስ ያረፈችው በዚያው ዓመት በጁላይ ነው። ወንበሩ ባዶ አልቀረም።

ልምምዱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በኮሚኒቲው አዳራሽ ነው። አባቶችና እናቶች፣ በተለይ «አይሆንም» ያላችሁት፣ እባካችሁ ብቅ በሉ። ጀበና የሚያውስ ቢገኝም ልጆቹ ይፈልጋሉ፤ የነሱ እውነትም ተሰብሯል።

ቸር ይግጠመን!